መልስ፦ ልጅ የማይፈልጉት ሽማግሌ ተፈናቃዩን ልጅ ለምን ያስገባሉ?

በምትጽፈው ድራማ ውስጥ ያሉት ሽማግሌ ባይፈልጉም ይገደዳሉ። በ1939 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ውስጥ ትርፍ ክፍል ያለው ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ተፈርቶ ከከተማ የወጣ ልጅ ሲመደብለት እምቢ ካለ ይቀጣ ነበር። ለአስተናጋጁ ለአንድ ልጅ በሳምንት 10 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ይከፈል ነበር። ድራማህን ከዚህ ጀምር፤ ርኅራኄው ይቆይ።

መቀራረቡን በሥራ እንጂ በንግግር አታሳየው። አልጋ ላይ መሽናት ከአስተናጋጆቹ ዋና ዋና ቅሬታዎች አንዱ ነበር። ሽማግሌው ጠዋት እያጉረመረሙ አንሶላውን ያጥባሉ፤ ማታ ፍራሹ ላይ ውሃ የማያስገባ የጎማ ጨርቅ ያነጥፋሉ። ልጁን ግን አይቆጡትም። ይኼ ይበቃል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ የተፈራው ቦምብ ቶሎ ስላልወደቀ፣ በሴፕቴምበር 1939 ከከተማ ከወጡት ብዙዎቹ እስከ ጃንዋሪ 1940 ቤታቸው ተመልሰዋል። የድራማህ ልጅ ሽማግሌው ዘንድ የሚቆይበት ምክንያት ከሌለው ተመልካች አያምንህም።