የሜዳው ዳኛና የችሎቱ ዳኛ

ጥያቄ፦ ከሆጤ ስታዲየም ስንወጣ ደሴ ፒያሳ ሻይ ቤት ተቀምጠን መከራከር የእኔና የጓደኞቼ ልማድ ነው። ሰሞኑን አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ የሚደግፈው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ጉዳይ ተነሣ። አሠልጣኙ ጂም ሃርባው እ.ኤ.አ. በ2023 ለሦስት ጨዋታዎች ሲታገዱ ዩኒቨርሲቲው ፍርድ ቤት ሄዷል። አንዱ ጓደኛችን የሻይ ብርጭቆውን ወደ መሐል ገፍቶ፣ «ዳኛ ፊሽካ ከነፋ በኋላ ሌላ ዳኛ አይጠራም!» አለ። እኔ ግን የተበደለ ሰው አቤት ማለት መብቱ ነው ባይ ነኝ። ማናችን ነን ትክክል?
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ የጓደኛዎ አባባል ሜዳ ውስጥ ለሚሰጥ ውሳኔ ይሠራል፤ ፍጹም ቅጣት ምት ተከለከልኩ ብሎ ችሎት የሚቆም የለም። የሃርባው ቅጣት ግን የመጣው ከሜዳው ዳኛ ሳይሆን ቢግ ቴን ከተባለው የዩኒቨርሲቲዎች የውድድር ማኅበር ነው። ክሱ አንድ የቡድኑ ሠራተኛ ወደፊት የሚገጥሟቸውን ቡድኖች ጨዋታ ሰው እየላከ በማስቀረጽ፣ አሠልጣኞቻቸው ከሜዳ ዳር ለተጫዋቾች ስልት የሚጠቁሙባቸውን ምልክቶች ያስለቅም ነበር የሚል ነው። ማኅበሩ ቅጣቱን ያሳወቀው ኖቬምበር 10 ቀን፣ ቡድኑ ከፔን ስቴት ጋር ሊጫወት አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። በጻፈውም ደብዳቤ ሃርባው ድርጊቱን ያውቁ እንደነበር የሚያሳይ መረጃ እስካሁን እንዳልደረሰው አምኖ፣ ቅጣቱ በዩኒቨርሲቲው ላይ እንጂ በሰውዬው ላይ አይደለም ብሏል። እኔ ይህን አልቀበልም፤ ከሜዳ የራቀው ሰው ሃርባው ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ለብቻው ያካሄደው ምርመራ ጥፋት አግኝቶ የተቋጨውም በኦገስት 2025 ነው።

ሻይ ቤት ውስጥ የተዘነጋ የሚመስለኝ ነጥብ ዩኒቨርሲቲው ፍርድ ቤቱን የጠየቀው ሃርባው ነጻ ይባሉ ብሎ አለመሆኑ ነው። የጠየቀው ጊዜያዊ እግድ ነው፤ ማለትም ክርክሩ እስኪሰማ ቅጣቱ እንዳይፈጸም። በእኛም አገር በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ጊዜያዊ እግድን ያውቃል። ሦስቱ ጨዋታዎች በ15 ቀን ውስጥ የሚያልቁ ስለነበሩ፣ ክርክሩ በተራው ቢታይ ኖሮ ዩኒቨርሲቲው ከወራት በኋላ ቢረታ እንኳ ያለፈውን ጨዋታ የሚመልስለት አልነበረም። ስለዚህ አቤቱታው የሚያስነቅፍ አይደለም ባይ ነኝ። በሌላ በኩል እግዱ ቢሰጥ የውድድር ዘመኑ አልፎ ቅጣቱ ትርጉም ያጣ ስለነበር፣ የማኅበሩም ሥጋት ቀላል አልነበረም።

ፍርድ ቤቱ ግን ውሳኔ አልሰጠም። ጉዳዩ ሊሰማ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ኖቬምበር 16 ቀን፣ ዩኒቨርሲቲው ቅጣቱን ተቀበለ፤ ቢግ ቴንም የራሱን ምርመራ ዘጋ። ቡድኑ በምክትሉ በሼሮን ሙር እየተመራ ሦስቱንም ጨዋታ አሸነፈ፤ በጃንዋሪ 2024 ደግሞ ሃርባው ተመልሰው የአገር አቀፉን የኮሌጅ ዋንጫ አነሡ። ስለሆነም እርስዎም ሆኑ ጓደኛዎ «ፍርድ ቤቱ እንዲህ ብሏል» ብለው የሚጠቅሱት ነገር የለም።

የከተማችሁ የእግር ኳስ ክለብ አሠልጣኝ ቢታገድ ግን የጓደኛዎ ሐሳብ ይበልጥ ያስኬዳል። ፊፋ በመተዳደሪያ ደንቡ የተለየ ፈቃድ ከሌለ በቀር ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት መሄድን ስለሚከለክል፣ አሠልጣኙ አስቀድሞ ለፌዴሬሽኑ የይግባኝ አካል ማመልከት ይኖርበታል፤ የመጨረሻው በር ደግሞ ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ከተማ የሚገኘው የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት ነው።