የአባቴ ማካሮቭ ምላጩ ሰነፈ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ የወረስኩት ማካሮቭ ሽጉጥ አለኝ። ፈቃዱ በስሜ ዞሯል። አሁን ምላጩ (በጣት የሚሳበው) አስቸገረኝ። ከኋላ ያለው መቺ መዶሻ ተኝቶ እያለ ምላጩን ስስብ አንዳንዴ ባዶውን ይሄዳል፤ መዶሻው ንቅንቅ አይልም። በአውራ ጣቴ መዶሻውን አንስቼ ከሳብኩት ግን ደህና ይሠራል። ሰፈራችን ያለ ብረት ሠሪ «ውስጡ ያለው ጥርስ ስላለቀ ነው፣ በሞረድ ላስተካክልልህ» ብሎኛል። ደግሞ አንድ ሁለቴ ላይኛውን ብረት ወደኋላ ስቤ ሳቀባብለው መዶሻው ሳልነካው አብሮ ወርዷል። እሱ ያስተካክለው ወይስ ይቅር? (መ.፣ ከደሴ)

መልስ፦ መጀመሪያ ሽጉጡን ባዶ አድርገው። ከዚያ ተመለስና አንብብ።

ባዶ ማድረግ ስልህ ቅደም ተከተሉን ሳት እንዳትል። ካርታው (ጥይት መያዣው) ይውጣ፣ ከዚያ አቀባብለህ የጎረሰውን ጥይት አስወጣ። ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። አቀባብሎ አንዷን ጥይት ያስወጣል፣ ካርታው ግን እዚያው ስላለ ሌላ ያጎርሳል። ከዚያ ካርታውን አውጥቶ «ባዶ ነው» ይላል። እኔ በሠራዊቱ መሣሪያ ጥገና ውስጥ በነበርኩበት ጊዜ በራችን ላይ አሸዋ የሞላ በርሜል ነበረን። የሚገባ ሰው ሁሉ አፈሙዙን ወደ በርሜሉ አዙሮ ነበር የሚያራግፈው። በርሜሉ ላይ የነበሩት ቀዳዳዎች ሁሉ «ባዶ ነው» ከተባሉ መሣሪያዎች የወጡ ናቸው። አሁንም በዓይንህ አይተህ አትመን፣ ትንሿን ጣትህን ጥይቱ በሚጎርስበት ቀዳዳ ከተትና ዳብሰው።

ወደ ደብዳቤህ ስመለስ፣ «ደግሞ» ብለህ መጨረሻ ላይ እንደዋዛ ጣል ያደረግካት ነገር ከላይኛው ሁሉ ትበልጣለች። ምላጩ ባዶውን ሲሄድ ሽጉጡ እንቢ አለህ ማለት ነው። መዶሻው ሳትነካው ሲወርድ ግን ሽጉጡ ያላዘዝከውን መሥራት ጀምሯል። የመጀመሪያው ያናድዳል። ሁለተኛው ሰው ይገድላል። ሁለቱ የሚመጡትም ከተለያየ ቦታ ነው።

ትንሹን እናስቀድም። ማካሮቭ ቆጣቢ ሽጉጥ ነው። ሶቪየቶች ለሠራዊታቸው የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ካርታው 8 ጥይት ይይዛል፤ ባዶውን 730 ግራም ገደማ ይመዝናል። ኒኮላይ ማካሮቭ ሲነድፈው አንዱን ብረት ሁለት ሦስት ሥራ አሸክሞታል። እጀታው ውስጥ ያለውን ሞላ ብታየው እንደ ሌላው ሽጉጥ የተጠቀለለ ሽቦ አይደለም፣ ዝርግ ብረት ነው። ሰፊው ክንፉ መዶሻውን ይገፋል። ጠባቡ ክንፉ ከምላጩ የሚመጣውን ዘንግ ጫፍ ይደግፋል። ታች የታጠፈው ጫፉ ደግሞ ካርታው እንዳይወድቅ ይይዛል። ሦስት ሥራ፣ በአንድ ደሞዝ።

በዘንጉ ጫፍ ላይ ምላስ የመሰለች ትንሽ ብረት አለች። መዶሻውን ከተኛበት የምታነሳው እሷ ናት። ምላሷ ካለቀች ወይም የሚደግፋት ጠባብ ክንፍ ከደከመ ከመዶሻው ሥር ሸርተት ትላለች። ምላጩ ይሄዳል፣ መዶሻው ይቀራል። በአውራ ጣትህ ስታነሳው የሚሠራልህም ለዚህ ነው። ያኔ ከባዱን ሥራ አንተ ሠራህላት፤ እሷ መያዣውን ነካ ማድረግ ብቻ ነው የሚቀራት።

ግን አልቋል ከማለትህ በፊት እድፍን ጠርጥር። አባትህ ሽጉጡን ስንት ዓመት በጨርቅ ጠቅልለው እንዳስቀመጡት አልነገርከኝም። ዘይት ሲቆይ እንደ ሙጫ ይሆናል። «ምላጩ ሞቷል» ተብለው ከመጡልኝ ማካሮቮች ስንቶቹን በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ጠብታ ዘይት ብቻ ቀብቼ እንደመለስኳቸው! ዘይት ሲበዛ አቧራ ይሰበስባል። ጥይቱን የሚወጋው መርፌ በሚመላለስበት ቀዳዳ ውስጥማ ጭራሽ አታፍስ። የማካሮቭ መርፌ የሚመልሰው ሞላ የለውም፣ ልቅ ሆኖ ነው የሚመላለሰው። እድፍ ከያዘው ይዘገያል ወይም ወደፊት ወጥቶ ይቀራል፤ ያ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ሻምበል ሽጉጡን አምጥቶ «ይሄ ሰክሯል» አለኝ። ፈታሁት። የሞላው ጠባብ ክንፍ ተሰብሮ፣ አንድ ጎበዝ ከግድግዳ ሰዓት ሞላ ቆርጦ ተክቶለታል። እጁን አደነቅኩለት። ሥራው ግን ሦስት ቀን ነው የቆየው። አራተኛው ቀን ላይ ያች ቁራጭ ተንሸራታ ምላጩን ተብትባው ተገኘች። ሞላ ሲደክም በሞላ ነው የሚተካው፣ ሌላ ዘዴ የለውም።

አሁን ወደ ትልቁ። መዶሻው ወደኋላ ሲሄድ አንድ መያዣ ጥርስ ይነክሰውና ያቆመዋል። መዶሻው ላይም የሚነከስበት እርከን አለ። ሁለቱ የሚነካኩበት ጠርዝ በጣም ቀጭን ነው። ለዓመታት ሲጋጩ ጠርዙ ይደንዛል። ያኔ ላይኛው ተንሸራታች ብረት ተመልሶ ሲዘጋ በሚፈጥረው ንቅናቄ ብቻ መዶሻው ያመልጣል። ማካሮቭ መዶሻ ላይ ለጥንቃቄ የተቀመጠ ሁለተኛ እርከን አለ፣ አንዳንዴ እሱ ይይዘዋል። እሱም ካለቀስ? ጥይት እየጎረሰ ባለበት ቅጽበት መዶሻው መርፌውን ይመታል። አንተ ምላጩን አልነካህም። አፈሙዙ ወደ ማን ዞሮ ነበር?

ብረት ሠሪው «ጥርስ ነው» ማለቱ ለዚህኛው ችግር ትክክል ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ነው ስህተቱ። እነዚህ ጠርዞች የጠነከሩት በእሳት ነው። ሞረድ ከነካቸው የተሠሩበት ማዕዘን ይጠፋል፣ ጠንካራው ገጽም ሊላጥ ይችላል። ለጥቂት ቀን ምላጩ እንደ ቅቤ ይለሰልስልሃል፣ ደስ ይልሃል። ከዚያ ከበፊቱ ብሶ ይመጣል። ሽጉጥ ምላጩን ሲስቡት ብቻ የሚተኩስ እንጂ ሲያስነጥሱት የሚተኩስ መሆን የለበትም።

ራስህ ማረጋገጥ ከፈለግክ ጥይት በሌለበት ክፍል፣ ካርታው ወጥቶ፣ አፈሙዙን ወደ አሸዋ ወይም ወደ አፈር አዙረህ ይህን ሞክር። መዶሻውን አንሳና ምላጩን ሳትነካ በአውራ ጣትህ ወደፊት ገፋ አድርገው። መያዝ አለበት። ቀጥሎ ምላጩን ሳብና ሳትለቀው ተንሸራታቹን ወደኋላ ስበህ ልቀቀው። መዶሻው እዚያው ቆሞ ይቅር፤ ከወረደ ችግር አለ። አሥር ጊዜ ድገመው። «አንድ ሁለቴ» ነው ያልከው፣ ከአሥሩ አንዴም ከወረደ በቂ ነው። ከዚህ በኋላ ያ ሽጉጥ ጥይት አይጎርስም። መቆለፊያውንም አትመነው፤ የተጎዳ ውስጥ ላለው ሽጉጥ መቆለፊያ ቃል ኪዳን አይሆንም።

ጥገናው መያዣ ጥርሱን፣ ምናልባትም መዶሻውን መቀየር ነው። ቡልጋሪያና ምሥራቅ ጀርመን ማካሮቭን ሠርተዋል፣ ቻይናም ታይፕ 59 ብላ ሠርታዋለች። የአንዱ ዕቃ ለሌላው «ይገባል» ይሉሃል። መግባቱ ይገባ ይሆናል፤ ግን ጠርዞቹ በትክክል መነካከሳቸውን የሚያውቅ ሰው ሳያይና ሳይሞክር አትቀበል። ማን እንደሚጠግን ፈቃዱን የሰጠህን የፖሊስ ቢሮ ጠይቅ። ስትሄድ ሽጉጡ ባዶ ሆኖ፣ ካርታው ለብቻው፣ የፈቃድ ወረቀቱ ኪስህ ውስጥ ይሁን። የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ «የአባቴ ነው» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም።

 

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ቨርጂኒያ ነው። ለሱቄ ብዬ የገዛሁት ያገለገለ ግሎክ ሽጉጥ አለኝ። በቀደም ልምምድ ቦታ ስተኩስ ምላጩ ወደኋላ እንደሄደ ቀረ፣ ወደፊት አልመለስ አለኝ። በጣቴ ስገፋው ተመለሰ። (ስሜ ይቅር)

መልስ፦ እህቴ፣ ያንቺው ቀለል ይላል። በብዛት እንዲህ የሚሆነው የምላጩ ሞላ ሲሰበር ነው። ትንሽ ናት፣ ጫፍና ጫፏ እንደ መንጠቆ የታጠፈ። ዋጋዋም ትንሽ ነው። ያገለገለ ሽጉጥ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ስንት ሺህ ጥይት እንደተኮሰበት አታውቂም፣ ስለዚህ ጠጋኙ ሌሎቹንም ሞላዎች አብሮ ይይልሽ። «በጣቴ እየገፋሁ እጠቀምበታለሁ» ግን አይባልም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ግሎክ ለጽዳት ሲፈታ መጀመሪያ ምላጩ ይሳባል። አሠራሩ ነው፣ ማካሮቭ እንዲህ አይደለም። ስለዚህ ለደሴው ልጅ ያልኩት ለአንቺ እጥፍ ይሠራል። ካርታው ይውጣ፣ አቀባብዪ፣ እዪ፣ ዳብሺ። ስልክ ጠርቶሽ ተነስተሽ ከነበረ እንደገና ከካርታው ጀምሪ።