ስለ አጣጥ ሆስፒታል የጠየቃችሁኝ

ጉራጌ ዞን፣ ከወልቂጤ ወጣ ብሎ ስላለው አጣጥ ሆስፒታል ጥያቄዎች ደርሰውኛል። የተወሰኑትን እነሆ።

ሆስፒታሉን የሠራው መንግሥት ነው ወይስ ሚሲዮን?

ሚሲዮን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመሩት ሜዲካል ሚሽን ሲስተርስ የተባሉ ካቶሊክ እህቶች (የመነኮሳይት ማኅበር) ናቸው። በሉርድ እመቤታችን (ፈረንሳይ ውስጥ በሉርድ ከተማ ተገልጣለች በምትባለው ማርያም) ስም ነው የተሰየመው። ሰው ግን አጣጥ ብሎ ነው የሚጠራው።

መነኩሴ እንዴት ታዋልዳለች? አያቴ «ድሮ ክልክል ነበር» ይሉኛል።

አያትሽ ልክ ናቸው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ መነኮሳይት በሕክምና፣ በተለይ በማዋለድ እንዳይሠሩ ይከለክል ነበር። ይህ እንዲቀየር ከታገሉት አንዷ የማኅበሩ መሥራች፣ ኦስትሪያዊቷ ዶክተር አና ዴንገል ናቸው። ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ባለችው ራዋልፒንዲ ሲሠሩ ብዙ ጉድ አዩ። የአካባቢው ሙስሊም ሴቶች ወንድ ሐኪም እንዲያያቸው አይፈቅዱም፤ ሴት ሐኪም ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ሊድኑ የሚችሉ እናቶች በምጥ ይሞቱ ነበር። ዴንገል እ.ኤ.አ. በ1925 ዋሽንግተን ላይ ከሦስት ሴቶች ጋር ማኅበሩን መሠረቱ። ሕጉ ስለያዛቸው እንደ ሙሉ መነኮሳት አልተቆጠሩም። ቫቲካን የፈቀደው ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1936 ነው። ቀኑ ደግሞ የሉርድ እመቤታችን በዓል ነው። ግጥምጥሞሹ ደስ ይላል።

ባለቤቴ መንታ አርግዛለች። «ቀድመሽ ገብተሽ ማቆያ ጠብቂ» አሏት። ምጥ ሳይመጣ እዚያ ምን ትሠራለች?

ወንድሜ፣ ትግባ! አጣጥ በእናቶች ማቆያው በአገራችን ከቀደሙት አንዱ ነው። መንታ ያረገዘች፣ ከዚህ በፊት በኦፕሬሽን የወለደች ወይም ቤቷ ሩቅ የሆነች ሴት ቀኗ ሲቃረብ ሆስፒታሉ ግቢ ገብታ ትጠብቃለች። ምጥ ሌሊት ቢመጣስ? ዝናብ ቢሆንስ? በቃሬዛ ተሸክሞ መንገድ እስኪወጣ ማህፀን ሊተረተር ይችላል።

እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 የነበረው የሆስፒታሉ መዝገብ ተጠንቷል። ከማቆያው ገብተው ከወለዱት መካከል የሞቱት እናቶች በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት ወደ 90 ሲሰላ፣ በቀጥታ ከመጡት ግን ከ1,300 በላይ ነበር። እርግጥ ንጽጽሩ ሙሉ በሙሉ ፍትሐዊ አይደለም፤ በቀጥታ ከሚመጡት ብዙዎቹ ነገር ከተበላሸ በኋላ የሚደርሱ ናቸው። ግን ማቆያው የሚያስቀረው ይህንኑ መዘግየት አይደል? ከማቆያው ከገቡት 38 በመቶ ያህሉ በኦፕሬሽን ወልደዋል። አደጋ ያለባቸው ተመርጠው ስለሚገቡ አይግረምህ።

ካቶሊክ አይደለሁም። ይቀበሉኛል?

አዎ። አካባቢው ራሱ በአብዛኛው ሙስሊምና ኦርቶዶክስ ነው።

ማቆያው ስገባ ምን ልያዝ?

የምታበስልልሽ ዘመድና ስንቅ። ቆጮው ቢበዛ እንጂ አይነስ። የክትትል ካርድሽንም እንዳትረሺ። ክፍያውን ግን ለቀጠሮ ስትሄጂ እዚያው ጠይቂ።