«ተጠሪ» እና «ተጠያቂ»፦ ጠሪው ማን ነው?

ጥያቄ፦ የዜና ጽሑፍ አራሚ ነኝ። አንዱ ዘጋቢ «ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተጠሪ ናቸው» ብሎ ያመጣልኛል፤ ሌላው «ተጠያቂ ናቸው» ይላል። ሁለቱንም አሳልፋለሁ። ልዩነት አላቸው? ደግሞስ «የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዋጅ አጸደቀ» ሲባል ስሕተት ነው የሚሉኝ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ልዩነት አላቸው፤ አንዱን በሌላው ቦታ ማስገባትም የሕጉን ትርጉም ያዛባል።

ከሥሩ እንነሳ። ጠራ ብለን ጠሪ፣ ተጠራ ብለን ተጠሪ እንላለን። ጠየቀ ብለን ጠያቂ፣ ተጠየቀ ብለን ተጠያቂ። ሁለቱም ድርጊቱ የሚያርፍበትን ሰው የሚጠሩ ስሞች ናቸው። ከሳሽ ሳይኖር ተከሳሽ፣ መራጭ ሳይኖር ተመራጭ እንደማይኖር ሁሉ ጠሪ የሌለው ተጠሪም የለም። ስለዚህ «ተጠሪ» የሚል ቃል ባዩ ቁጥር ጠሪውን ይፈልጉ። ካጡት ወይ ዘጋቢው ተሳስቷል፣ ወይ ሕጉ ራሱ የጎደለው ነገር አለ።

«ተጠሪ» የሚመልሰው «ለማን?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ሹሙ ከማን በታች እንደቆመ፣ ሪፖርቱን ለማን እንደሚያቀርብ፣ ማን ቢጠራው «አቤት» ብሎ እንደሚቀርብ ይናገራል። ጥፋት ኖረም አልኖረም ተጠሪነት አለ፤ ሰውየው ወንበሩን ሲለቅ ግን ተጠሪነቱም ያበቃል። «ተጠያቂ» የሚመልሰው «በምን?» ወይም «ስለ ምን?» የሚለውን ነው። አንድ ነገር ሲጎድል ወይም ሲበላሽ ይመጣል፤ ከሥልጣን የወረደውንም ሰው እቤቱ ድረስ ይከተለዋል።

ሕገ መንግሥቱ ይህን ልዩነት ጠብቆ ይጽፋል። አንቀጽ 72 ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተጠሪ መሆናቸውን ይደነግጋል። አንቀጽ 76 የሚኒስትሮች ምክር ቤትን ሁለት ጊዜ ተጠሪ ያደርገዋል፦ በአንድ በኩል ለጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ በሌላ በኩል በሚወስነው ውሳኔ ለተወካዮች ምክር ቤት። ተወካዮቹስ? አንቀጽ 50 ተጠሪነታቸውን ለሕዝብ ይሰጣል። አንቀጽ 12 ላይ ግን ቃሉ ይለወጣል፤ ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል «ተጠያቂ» ይሆናል ይላል። «ሲያጓድል» የምትለዋን ልብ ይበሉ። ያለ እርሷ «ተጠያቂ» ቦታ የለውም።

ሁለቱ ሥሮች ጎን ለጎን የሚገናኙበት አንድ ቦታ አለ። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 የተወካዮች ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን «ለጥያቄ የመጥራት» ሥልጣን እንዳለው ይናገራል። መጀመሪያ መጥራት፣ ቀጥሎ መጠየቅ። የአስፈጻሚው ልጓም በሁለት ቃል ሲጻፍ ይኸው ነው። የቀድሞው አባባል «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ነበር፤ በተሻሻለው የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ሚኒስትሮቹ በየግላቸው ኃላፊ የነበሩት ለንጉሠ ነገሥቱ ነው። ጠሪው ከላይ ነበር ማለት ነው፤ ዛሬ በጽሑፍ ደረጃ ጠሪው ምክር ቤት ሆኗል።

ፍርድ ቤት ውስጥ ሌላ «ተጠሪ» ስላለ እንዳያሳስትዎ። በመጀመሪያ ደረጃ ክርክር ከሳሽና ተከሳሽ፣ በይግባኝ ይግባኝ ባይና መልስ ሰጪ፣ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለበት የተባለ የመጨረሻ ፍርድ በሚታይበት በሰበር ችሎት ደግሞ አመልካችና ተጠሪ ይባላል። የሰበር ተጠሪ ብዙውን ጊዜ በሥር ፍርድ ቤት የረታው ወገን ነው። ስለዚህ «ሚኒስቴሩ በሰበር ተጠሪ ሆነ» የሚለውን ዜና «ሚኒስቴሩ ተጠያቂ ተደረገ» ብሎ ማሳጠር ነገሩን ጨርሶ ይገለብጠዋል።

የውጭ ዜና ሲተረጎም ይኸው ስሕተት በሌላ መልክ ይመጣል። «የአሜሪካ ሚኒስትሮች ለኮንግረስ ተጠሪ ናቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር ከመጣልዎ ይሰርዙት። እዚያ ሚኒስትሩ የሚሠራው ለፕሬዚዳንቱ ነው፤ ኮንግረስ በመተማመኛ ድምፅ አያወርደውም። ሴኔት ሹመቱን ያጸድቃል፣ ኮሚቴዎች መጥሪያ ልከው ይጠይቁታል፤ ጥፋት ከተገኘ የተወካዮች ምክር ቤቱ በአብላጫ ድምፅ ሊከስሰው፣ ሴኔት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ጥፋተኛ ብሎ ሊያነሳው ይችላል። ስለዚህ በኮንግረስ ፊት ተጠያቂ ሊሆን ይችላል፤ ተጠሪ ግን አይደለም። መጥሪያ የደረሰው ሁሉ ተጠሪ ቢባል ኖሮ ምስክርም ተጠሪ በሆነ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ፤ ብዙ ዜና የሚበላሸው እዚህ ነው። አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ከተወካዮቹ በተሰጠው ሥልጣን ደንብ ያወጣል። ሚኒስቴሮችና ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ያወጣሉ። ስለዚህ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በረቂቅ አዋጅ ላይ ሲወያይ የሚያደርገው ማጽደቅ ሳይሆን ማስተላለፍ ነው። የራሱ መግለጫ ይህን በጥንቃቄ ይለያል፤ ረቂቅ አዋጅ ከሆነ «ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲተላለፍ» ወይም «እንዲመራ» ተወሰነ ይላል፤ ደንብ ከሆነ «በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውል» ተወሰነ ይላል። ዘጋቢው ሁለቱንም «አጸደቀ» ብሎ ሲጠቀልላቸው፣ አንባቢው ገና በምክር ቤት ያልታየውን ረቂቅ ያለቀለት ሕግ ያደርገዋል። ነጋዴው በማግሥቱ አዲሱን ታክስ ያስባል።

«አስ» የምትባል አንዲት ቅጥያም አለች። ያጸድቃል እና ያስጸድቃል አንድ አይደሉም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሚኒስትርነት ያጫቸውን ሰዎች ለምክር ቤቱ አቅርቦ ሹመታቸውን ያስጸድቃል፤ የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው። «ምክር ቤቱ የሚኒስትሮቹን ሹመት አስጸደቀ» የሚል ርዕስ ምክር ቤቱን ለሌላ አጽዳቂ ጉዳይ አቅራቢ ያደርገዋል። የርእሰ ብሔሩም ነገር እንዲሁ ነው። ሕጉ ለፊርማ ይቀርብላቸዋል፤ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማሉ፤ ባይፈርሙ ሕጉ ያለ ፊርማቸው ሥራ ላይ ይውላል። ስለዚህ «ፕሬዚዳንቱ አዋጁን አጸደቁ» አይባልም፣ ፈረሙ ይባላል።

ከዚህ አሠራር የሚያፈነግጥ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ። ስሙ አዋጅ ቢሆንም መጀመሪያ የሚደነግገው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። አንቀጽ 93 በዚህ ቦታ አስፈጻሚውን በሰዓትና በቀን ያስረዋል፦ ተወካዮቹ በሥራ ላይ ካሉ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ በሥራ ላይ ካልሆኑ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብላቸዋል፤ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካላገኘ ወዲያውኑ ይሻራል። ከጸደቀ እስከ ስድስት ወር ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ በየአራት ወሩ በዚያው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊታደስ ይችላል። አፈጻጸሙን የሚከታተል ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድም ይቋቋማል፤ የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ የማድረግ ግዴታ አለበት።

ስለዚህ ለአንድ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሦስት ግሥ ያስፈልግዎታል፤ ተደነገገ፣ ጸደቀ፣ ተራዘመ። የተወካዮች ምክር ቤቱ ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲሆን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ በክረምት የሚወጣ አዋጅ በ15 ቀኑ መስመር የሚሄደው ለዚህ ነው። የ2015ቱን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ምሳሌ ይውሰዱ፦ አዋጁ ሐምሌ 28 ቀን ተደነገገ፣ ነሐሴ 8 ቀን በተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ፣ በ2016 ደግሞ ለአራት ወር ተራዘመ። በሐምሌ 28 እና በነሐሴ 8 መካከል ባሉት ቀናት «የጸደቀው አዋጅ» ብሎ የጻፈ ሁሉ ገና ያልተሰጠ ድምፅ ቆጥሯል። «ታወጀ» ማለትም ይቻላል፤ «አዋጅ፣ አዋጅ፣ የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» የሚለው የነጋሪት ቃል እንደሚያሳየው ማወጅ ለሕዝብ ማሰማት ነው። «ታወጀ» ማን እንደወሰነው አይነግርም፤ «ጸደቀ» ግን ይነግራል። ቃሉን ስጽፈው በጸሎቱ ጸ ነው፤ ከጽድቅ የመጣ ነውና። ፀሐዩን ፀ የሚጠቀሙም ብዙ ናቸው፤ እኔ አልጣላቸውም፣ አንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን ግን አይቀላቅሉ።

«መመሪያ» የሚለውን ቃል ደግሞ ከ«መምሪያ» ይለዩ። መምሪያ የመሥሪያ ቤት ክፍል ነው። መመሪያ ግን በጽሑፍ የሚወጣ ሕግ ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያ ከመውጣቱ በፊት ለሕዝብ አስተያየት እንዲቀርብ፣ ከወጣም በኋላ ተመዝግቦ በድረ ገጽ እንዲለጠፍ ያዛል። መሥሪያ ቤቱ «መመሪያው አይፈቅድም» ሲልዎ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ተመዝግቧል ወይ?» ነው። ለሠራተኛ የሚበተን ሰርኩላር መመሪያ አይባልም፤ ዘጋቢው ከባለሥልጣኑ አፍ ቢሰማውም እንኳ።

ዳኞችን በተመለከተ በአጭሩ፦ ሕገ መንግሥቱ ዳኞች ከሕግ በስተቀር በሌላ ሁኔታ «አይመሩም» ይላል። ስለዚህ «ሚኒስቴሩ ለፍርድ ቤቶች መመሪያ ሰጠ» የሚል ዜና ከቃል ስሕተት በላይ ነው፤ እንዲህ ተብሎ ከመጣልዎ ዘጋቢውን ደውለው ይጠይቁ፤ ጥያቄ፣ አስተያየት ወይም ደብዳቤ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ፍርድ ቤቱን «ሕግ ተርጓሚ» ማለት ትክክል ነው፤ «ሕገ መንግሥት ተርጓሚ» ግን አይባልም፤ ያ ሥልጣን በአንቀጽ 62 የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አጥንቶ ያቀርብለታል። ጉባኤው «አጣሪ» እንጂ «ወሳኝ» አይደለም፤ «አጣሪ ጉባኤው ወሰነ» ተብሎ ሲመጣ ጉዳዩን አያስኬድም ብሎ ካልመለሰው በስተቀር «የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ» ብለው ያስተካክሉ።

እንግሊዝኛው ትርጉም ቢያምታታዎ አማርኛውን ይመኑ። አንቀጽ 106 የሕገ መንግሥቱ የአማርኛ ቅጂ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው ነው ብሎ ወስኗል።