«ደህና ነኝ» ለምትሉ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት በነርስነት ነው። ካርድ ይዞ የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው «ለመሆኑ ጤናዎን እንዴት ያዩታል?» ብዬ ነበር።

ግንበኛው ደም ግፊቱ በጣም ከፍ ብሎ፣ 180 በ110 ሆኖ «ኧረ ደህና ነኝ፣ ትንሽ ራሴን ነው» ይላል። ባንክ የሚሠራው ወጣት የላብራቶሪ ውጤቱ ሁሉ ደህና ሆኖ «ሲስተር፣ አሞኛል» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ግንበኛው ሕመም እየቻለ ያደገ ነው፤ ሐኪም ቤት ከዋለ የዕለት ገቢው ይቀራል። የባንኩ ልጅ ከቤተሰቡ ርቆ፣ የሚያዋየው ሰው አጥቶ፣ ኪራይ ሲያሰላ ያድራል።

የልጁን ቃል አትናቁ። በ1997 እ.ኤ.አ. 27 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። በአብዛኞቹ፣ «ጤናዬ ደካማ ነው» ያለ ሰው ቶሎ የመሞት ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር፤ የታወቀ በሽታው ተቆጥሮም ቢሆን።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን በ1967 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኞች ጥናት ነው፤ ዋይትሆል ይባላል። ሁሉም ደሞዝተኞች ናቸው። የአገሩ ሕክምና ነጻ ነው። ሆኖም ከታች ያሉት ተላላኪዎችና በር ጠባቂዎች ከላይኞቹ አለቆች በሦስት እጥፍ ያህል ይሞቱ ነበር። ሲጋራና ደም ግፊት የልዩነቱን ግማሽ እንኳ አላስረዱም። ሐኪሙና ተመራማሪው ማይክል ማርሞትና ባልደረቦቹ በ1985 እ.ኤ.አ. ሁለተኛውን ዙር ጀመሩ። በገዛ ሥራው ላይ ምንም መወሰን የማይችል ሠራተኛ ለልብ ሕመም ይበልጥ እንደሚጋለጥ ያዩት በዚህ ዙር ነው። እንዲህ የሚውል ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ምን ደስታ ይተርፈዋል?

ስለዚህ «ገንዘብ ደስታ አይገዛም» እያላችሁ የተቸገረ ሰው አታጽናኑ። ኪራዩን የከፈለ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በችግር ያደጋችሁ፣ ቻይነታችሁ ያኮራኛል። ደም ግፊት ግን ብዙ ጊዜ ስሜት የለውም፤ ሳያማችሁም ተለኩ። ከአገር ቤት ርቃችሁ የተከራያችሁ ደግሞ፣ «እኔ ነገ እለቃለሁ» ሳትሉ የሰፈሩ ዕድር ግቡ። ለቅሶ የደረሳችሁለት ጎረቤት ስትታመሙ በራችሁን ያንኳኳል።

ከመካከላችሁ አለቃ የምትሆኑ አላችሁ። ለእናንተ አደራዬ ከበድ ይላል። የጽዳት ሠራተኛዋንና ጥበቃውን በስማቸው ጥሩ። ፈረቃቸውን ስታወጡ አማክሯቸው። ልጁ ታሞበት ፈቃድ የጠየቀን ሰው ደጅ አታስጠኑ፤ በዚያው ቀን ፈርሙለት።