የገዛሁት ውሻ ቀለሙ ቀላ፤ ቀሪውን ክፍያ መከልከል እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ለገጣፎ ነው። ንጹሕ የጎልደን ሪትሪቨር ዝርያ ነው የተባለ ቡችላ ከአንድ አርቢ ገዛሁ። ግማሹን ከፍዬ ቀሪውን በሦስት ወር ልጨርስ ተስማማን። ውሻው አሁን ዓመት ሊሞላው ነው፤ ቀለሙ ወደ ቀይ አደላ፣ ሰውነቱም ቀጠነ። ሌሎች ዘንድ የማየው ግን ነጣ ያለና ፀጉራም ነው። ሻጩ ቀሪውን ክፈለኝ ይላል። ብከለክለውስ? በአታላይነትስ ብከሰው?

መልስ፦ አንድ ያልነገሩኝ ነገር አለ። የክፍያው ቀን ካለፈ ወራት ተቆጥረዋል፤ በእነዚያ ወራት ለሻጩ ምን አሉት? የውሻው መቅላት ያሳሰበዎት ቀለሙ ሲለወጥ ነው ወይስ ገንዘቡ ሲጠየቅ? ልወቅስዎ አይደለም፤ ችሎት ላይ መጀመሪያ የሚነሳው ይህ ስለሆነ ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል።

መልክ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ዝርያው በ19ኛው መቶ ዘመን ስኮትላንድ ውስጥ ለአደን የተገኘ ነው። ለሥራ የሚረቡት ቀጠን ያሉ፣ ብዙ ጊዜም ጠቆር ያሉ ናቸው፤ ለውድድር የሚረቡት ፀጉራምና ደንዳና ናቸው። የብሪታንያው መለኪያ ክሬምንም ወርቃማንም ይቀበላል፤ ቀይን አይቀበልም። ይህ ግን የውድድር መለኪያ ነው እንጂ ቀላ ያለው ሁሉ ድቅል ነው አያሰኝም። ቡችላም ሲያድግ ቀለሙ ይጠቁራል፤ የጆሮው ፀጉር አስቀድሞ ፍንጭ ይሰጣል።

ስለዚህ ጥያቄው ምን ተብሎ ተሸጠ የሚለው ነው። ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር እንዲስማማ ዋስ ነው (የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2287)። ውሉ «ንጹሕ ዝርያ» ብቻ ካለ ቀይ ፀጉር ጥሰት አይደለም። «ክሬም ቀለም» ካለ ነገሩ ይለወጣል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ደግሞ ሆን ተብሎ መታለልን ይጠይቃል፤ በጥርጣሬ አይከሰስም።

ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ወጥመድ ዝምታ ነው። ጉድለት ያየ ገዢ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት፤ ካልሆነ ዋስትናውን ሊያጣ ይችላል። ሰው ግን «እስኪያድግ ልጠብቅ» ይላል፣ በስልክ ይጨቃጨቃል፣ ሽማግሌ ይልካል። ሽምግልናው መልካም ነው፤ ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ቀኑን አያስታውሱም፣ የስልኩንም ንግግር ሻጩ ይክዳል። በዚህ መሐል ክፍያውን ሲከለክሉ ውል አፍራሹ እርስዎ ሆነው ይገኛሉ። መከልከል መብት የሚሆነው ምክንያቱ በጽሑፍ ሲደርሰው ነው፤ ያኔም በጠበቃ ምክር ይሁን። ደብዳቤው ምን ቃል እንደተገባልዎት፣ ምን እንዳዩና መቼ እንዳዩ ይግለጽ፤ ቅጂው ላይ ያስፈርሙት፤ እምቢ ካለ በምስክር ፊት ይስጡት።

ዛሬውኑ ሰነድ ይሰብስቡ፦ ውሉን፣ የባንክ ደረሰኙን፣ የቴሌግራም መልእክቶቹን (አንዱንም እንዳያጠፉ)፣ ካለ የዘር ሐረግ ወረቀቱን፣ የወላጆቹን ፎቶ። የክትባት ካርዱን አይናቁት፤ በመጀመሪያው የእብድ ውሻ ክትባት ቀን የእንስሳት ሐኪሙ ዝርያና ቀለም ጽፎበት ከሆነ፣ ማንም ሳይጣላ የተጻፈ ነውና ክብደት አለው። የዘረመል ምርመራ ካሰቡም ናሙናው የዚሁ ውሻ መሆኑን ሐኪም ያረጋግጥ።

ውልዎን ሳላይ ይህን ያህል ነው የምለው። ደብዳቤውን ከመላክዎ በፊት ሰነዶቹን ይዘው አንድ ጠበቃ ያማክሩ፤ ፖሊስ ጣቢያ የሚሄዱም ከሆነ ከዚያ በኋላ ይሁን።