በፎኖ ሳትሰማው እንዳትገዛ

ሰላም ወንድሜ። ማራንትዝ 2230 እና ፓዮኒር ኤስኤክስ-780 የሚባሉ ሁለት አሮጌ ሪሲቨሮች (ሬዲዮና አምፕሊፋየር በአንድ ላይ የያዙ) አግኝተህ፣ ሸክላ ለመስማት የትኛው ይሻላል ብለሃል። እኔ ሰበታ ነው የምኖረው፤ አሮጌ ሪሲቨር ስገዛና ሳስጠግን ዓመታት አልፈዋል።

ፓዮኒሩ 45 ዋት ነው፣ ማራንትዙ 30። እሱን እርሳው፤ ሳሎን ውስጥ ጆሮህ ብዙም አይለየውም። ዋናው ፎኖው፣ ማለትም የሸክላ ማጫወቻ የሚሰካበት ክፍል ነው።

የመጀመሪያዬን መርካቶ ገዛሁ። ሻጩ ስልኩን ኦክስ (ለስልክና ለመሳሰሉት የሚሆን መሰኪያ) ላይ ሰክቶ ዘፈን ለቀቀልኝ። ድምፁ ቤቱን ሞላው። ከፍዬ ተሸክሜው ሰበታ ገባሁ። ማታ የአባቴን ሸክላ ስጭን ግራው ስፒከር ጭጭ አለ። ኦክስ ስለሰራ ፎኖውም ይሰራል ማለት አይደለም። ከመርፌው የሚመጣው ሲግናል እጅግ ትንሽ ነው፤ ፎኖው 2.5 ሚሊቮልት ይበቃዋል፣ ኦክስ ግን 150 ገደማ ይፈልጋል። ደግሞ ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ነው። ያንን መልሶ የሚያስተካክለው ፎኖው ነው። የራሱ ሰርኪዩት ስላለው ብቻውን ይበላሻል።

ስለዚህ ማጫወቻህንና በደንብ የምታውቀውን ሸክላ ይዘህ ሂድ። እኔ የምይዘው የአምሃ ሪከርድስ ትንሽ ሸክላ ነው፤ ዘፋኙ የት ጋ እንደሚተነፍስ ሳይቀር አውቀዋለሁ። የእኔው ሞኖ ስለሆነ ድምፁ ከሁለቱ ስፒከሮች መሃል መምጣት አለበት። ወደ አንዱ ካጋደለ ነገር አለ።

አንዱ ወገን ከጠፋ ድምፁን ዝቅ አድርገህ ከኋላ ቀዩንና ነጩን ጃክ አቀያይር። ዝምታው ወደ ሌላው ስፒከር ከዞረ ችግሩ ማጫወቻው ጋ ነው። እዚያው ከቀረ ሪሲቨሩ ወይም ስፒከሩ ጋ ነው። ይቺን ባውቅ ኖሮ የዚያን ቀን ገንዘቤ አይሄድም ነበር።

እምምም የሚል ድምፅ ካለ ከማጫወቻው የምትመጣው የግራውንድ ሽቦ ሪሲቨሩ ላይ መታሰሯን እይ። ቁልፍ ስታዞር ብቻ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ቆሻሻ ነው፣ በኮንታክት ክሊነር ይጠራል። ሳትነካው የሚንጣጣ ከሆነ ግን የተበላሸ ትራንዚስተር ሊሆን ስለሚችል ዋጋው ላይ ተከራከር።

ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ ከተጻፈ ያለ ትራንስፎርመር እንዳትሰካው፤ የእኛ 220 ነው። ለጃፓን ገበያ የተሰራ ከሆነ 100 ቮልት ነው፣ የድሮዎቹ ኤፍኤም ደግሞ ከ76 እስከ 90 ብቻ ይይዛል። ሸገር 102.1ን አታገኝበትም። እኛ ከከተማ ዳር ያለን ሰዎች ደግሞ መብራት ሲሄድ ቶሎ መንቀል አለብን፤ ሲመለስ ኃይሉ አይታወቅም።

ሁለቱም ንጹህ ከሆኑ እኔ ማራንትዙን እወስዳለሁ። የፓዮኒሩ ድምፅ አጉሊ ክፍል በኤስቲኬ አይሲ (ብዙ ክፍሎች አንድ ላይ የታሸጉበት ቺፕ) የተሰራ ነው፤ ከተቃጠለ ኦሪጅናሉን ማግኘት ፈተና ነው፣ ፎርጅዱ በዝቷል። የማራንትዙን ትራንዚስተሮች ግን ጎበዝ ጠጋኝ አንድ በአንድ ይቀይራቸዋል። የማራንትዙ ፎኖ የሚንጣጣ፣ የፓዮኒሩ ጸጥ ያለ ከሆነ ግን ሳታመነታ ፓዮኒሩን ያዝ።

ማጫወቻ ከሌለህ የእኔን ይዤ አብሬህ እሄዳለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ።